ጎረቤትም ባዶ ከሆነስ?

ባለፈው ሰሞን አንድ ማታ፣ እራት ተበልቶ ገበታው ከተነሳ በኋላ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪዋን ልጄን አስለቀስኳት። ምክንያቱ እንቁላል ነው። እንቁላሉም የእኛ ቤት አይደለም፤ የቤት ሥራ ደብተሯ ላይ ያለ ነው።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አንድ የዶሮ እርባታ በአንድ ሳምንት 3,002 እንቁላል ሰበሰበ። ከዚህ ውስጥ 1,475 እንቁላል ሸጠ። ስንት እንቁላል ቀረው?» ልጄ ሁለቱን ቁጥሮች ከላይና ከታች ደርድራ፣ አስምራ፣ 2,473 ብላ ጻፈች። እኔ ቀኑን ሙሉ ስሮጥ ውዬ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ደክሞኝ ነው የገባሁት። «ተሳስተሻል፣ ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። አሁንም 2,473።

«ተበደሪ እንጂ! ከጎረቤት ተበደሪ!»

«ከማን አባዬ? ጎረቤቱ እኮ ዜሮ ነው።»

«ከጎረቤቱ ጎረቤት!»

«እሱም ዜሮ ነው።»

ጠረጴዛውን በእጄ መታሁት። እሷን አልነካኋትም፤ ግን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። እርሳሷን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና «እኔ እኮ ሒሳብ አይገባኝም፣ ደደብ ነኝ» አለች። ቃሉን ከየት እንዳመጣችው መጠየቅ አልደፈርኩም። እኔ ራሴ በእሷ ዕድሜ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ፣ ጠመኔው በላብ እየረጠበብኝ፣ ከኋላዬ አለንጋ የያዘ መምህር «ተበደር!» ሲለኝ የነበረው ቀን ትዝ አለኝ። ያን ቀን ከማን እንደምበደር አላወቅሁም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በኋላም የለመድኩት ነው እንጂ የገባኝ አይደለም።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደብተሯን ወስጄ 2,473ን ሳየው ቆየሁ። ስህተት ነው። ግን ዝም ብሎ የተጻፈ ቁጥር አይደለም። በአንድ ቤት 2 እና 5 አሉ፤ ከ2 ላይ 5 አይቀነስም፣ ስለዚህ ገልብጣ ከ5 ላይ 2 ቀንሳ 3 ጻፈች። በአስር ቤት 0 እና 7፤ ገልብጣ 7። በመቶ ቤት 0 እና 4፤ ገልብጣ 4። በሺህ ቤት 3 ሲቀነስ 1፣ 2። በየቤቱ ትልቁን ፈልጋ ትንሹን ከላዩ ላይ ቀንሳለች። ለካ ልጄ ሕግ ነበራት! ሕጉን ከማንም አልተማረችውም፤ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልምዷ ነው ያስተማራት። «ምንጊዜም ከትልቁ ላይ ትንሹ ይቀነሳል» ተብላ አድጋለች፤ እሷም አከበረችው። ይህ ስህተት የእሷ ብቻ እንዳልሆነ፣ በዓለም ዙሪያ ልጆች መቀነስ ሲማሩ ደጋግመው የሚሠሩት የታወቀ ስህተት መሆኑን በኋላ አነበብኩ። ያን ማታ ግን ያየሁት ድንቁርናን ነበር እንጂ ሕግን አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ለቁርስ ዳቦና ሻይ ቅጠል፣ ሌላም ትንንሽ ነገር ልገዛ ልጄን ይዤ ሰፈራችን ሱቅ ሄድኩ። ሒሳቡ 137 ብር ሆነ። ሁለት መቶ ብር ሰጠሁት። ባለሱቁ እስክሪብቶ አላነሳም፣ ከማንም አልተበደረም። ሦስት ባለ አንድ ብር ሳንቲም እጄ ላይ እየጣለ «መቶ አርባ» አለ፤ አንድ አስር ብር ጨምሮ «መቶ ሃምሳ» አለ፤ አንድ ሃምሳ ብር ጨምሮ «ሁለት መቶ» አለና ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞረ። መልሱ 63 ብር ነው። ሰውየው መቀነስን በመደመር ነው የሚሠራው፤ ከትንሹ ተነስቶ ትልቁ ጋ እስኪደርስ ይራመዳል። ልጄን «አየሽ?» አልኳት። «ምኑን?» አለችኝ። ትክክል ናት፤ በየቀኑ የምታየው ነገር ነዋ።

ቤት ስንመለስ የእንቁላሉን ጥያቄ እንደ ባለሱቁ ሠራነው። ከ1,475 ተነሳን። 25 ስንጨምር 1,500። ሌላ 500 ስንጨምር 2,000። አንድ ሺህ ስንጨምር 3,000። ሁለት ስንጨምር 3,002። የጨመርናቸውን ስንሰበስብ 1,527። ምንም ዜሮ አላስቸገረንም። ልጄ ፊቷ ትንሽ በራ፤ ግን ወዲያው «መምህሯ በዚህ አትሠሩ ካለችስ?» አለች።

እዚህ ላይ የቆየ ቂሜን ልናገር። «መበደር» የሚለውን ቃል አልወደውም። ልጄ ራሷ አንድ ቀን «ብድሩን መቼ ነው የሚመልሰው?» ብላኛለች። አይመልስም! እንዲህ ያለ ብድር የት አለ? እንዲያውም የሚሆነውን ነገር በትክክል የሚገልጽ ቃል አማርኛ አለው፤ ባለሱቁም ታክሲ ረዳቱም በቀን ሃምሳ ጊዜ ይሉታል፦ መዘርዘር። መቶ ብር ሲዘረዘር አስር አስር ብር ይሆናል። ገንዘቡ አልጨመረም፣ አልቀነሰም፣ ከማንም አልተለመነም፤ መልኩ ብቻ ተቀየረ።

ስለዚህ ከአሮጌ ደብተር ወረቀት ቆርጠን «ብር» ሠራን፤ ባለ ሺህ፣ ባለ መቶ፣ ባለ አስርና ባለ አንድ። (ባለ ሺህ ብር የሚባል ኖት እንደሌለ ልጄ ተቃውሞ አሰምታለች፤ «የእኛ ባንክ ያትማል» ብዬ አለፍኩት።) 3,002 ማለት ሦስት ባለ ሺህና ሁለት ባለ አንድ ነው። አምስት ባለ አንድ ክፈይ ስትባል ያላት ሁለት ነው። አስር ይዘርዘር ብትል አስር የለም፤ መቶም የለም። እንግዲህ ያለው ሺህ ነው። አንዱን ሺህ ዘረዘርነው፤ አስር መቶ ሆነ። ከአስሩ መቶ አንዱን ዘረዘርን፤ አስር አስር ሆነ፣ መቶው ዘጠኝ ቀረ። ከአስሩ አስር አንዱን ዘረዘርን፤ አስር አንድ ሆነ፣ አስሩም ዘጠኝ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ 2 ሺህ፣ 9 መቶ፣ 9 አስርና 12 ባለ አንድ አለ። ልጄ ቆጥራ «አሁንም እኮ 3,002 ነው!» አለች። እኔ በአርባ ምናምን ዓመቴ ነው ያቺ ዘጠኝ ከየት እንደምትመጣ ያየሁት።

በነገራችን ላይ፣ ዜሮ የሚያስቸግረው የአጻጻፋችን ጉዳይ ስለሆነ ነው። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም፤ 3,002 ሲጻፍ ፴፻፪ ነው፣ ሠላሳ መቶ ከሁለት። አያቶቻችን ዓመተ ምሕረቱን «አስራ ዘጠኝ መቶ» ብለው ሲጠሩ እንደነበረው ማለት ነው። 3,002ን «ሠላሳ መቶ ከሁለት» ብላ ያነበበች ልጅ ከሠላሳው አንዱን ዘርዝራ ሃያ ዘጠኝ ማድረግ አይከብዳትም። በአንድ እርምጃ ሁለቱን ባዶ ቤት ትሻገራለች።

ይሄ ሁሉ ግን ቁጥሩን ነው። ቃሉ ሌላ ጣጣ አለው።

የክፍሏን መምህርት ላገኛት ሄጄ ነበር። ክፍሉ በተማሪ የታጨቀ ነው፤ እሷ ግን ጊዜ ሰጥታኝ አነጋገረችኝ። «አባቷ፣ ልጆቹ እኮ አያነቡትም» አለችኝ። «ቁጥሮቹን ይለቅማሉ፣ አንድ ቃል ይፈልጋሉ፣ ከዚያ መሥራት ነው። ‹ቀረ› ካለ ቀንስ፣ ‹በለጠ› ካለ ደምር።» እና ምን ታደርጊያለሽ አልኳት። ጥያቄውን ስትሰጣቸው መጀመሪያ ቁጥሮቹን አውጥታ ታነብላቸዋለች። «አንድ መጋዘን እህል ነበረው። የተወሰነው ወጣ። የተወሰነው ቀረ።» ከዚያ «ምን ሆነ? ንገሩኝ» ትላቸዋለች። ቁጥር ስለሌለ የሚለቅሙት የለም፤ የግድ ታሪኩን ያስቡታል። ቁጥሩን የምታስገባው ታሪኩን መልሰው ሲነግሯት ነው። ሐንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖሊያ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ከሁሉ በፊት ጥያቄውን መረዳትን የመጀመሪያ እርምጃ አድርጎ አስቀምጧል። መምህርቷ ፖሊያን ትወቀው አትወቀው አልጠየቅኋትም። ጠመኔ በእጇ ይዛ የምትሠራው ግን እሱኑ ነው።

በዚያው ቀን ማታ ሞከርኩት። «አንድ መጋዘን 1,875 ኩንታል እህል ወጣለትና 2,450 ኩንታል ቀረ። መጀመሪያ ስንት ነበር?» ልጄ «ቀረ» የምትለዋን ስታይ እርሳሷን ለመቀነስ አነሳች። ቁጥሩን ሸፍኜ ታሪኩን አስነገርኳት። «እህል ነበረ፣ ወጣ፣ ቀረ... የሚጠይቀው ከመውጣቱ በፊት ስንት ነበር ነው» አለችና ራሷ ሳቀች። 4,325።

ይባስ ብሎ አማርኛችን ዋናውን ነገር በአንዲት ፊደል ይደብቀዋል። ይቺን እዩልኝ፦ «አንድ ትምህርት ቤት 1,245 ወንድ ተማሪዎች አሉት። ወንዶቹ ከሴቶቹ በ368 ይበልጣሉ። ሴቶቹ ስንት ናቸው?» «ይበልጣሉ» የሚለው ቃል ልጁን ወደ መደመር ይጎትተዋል። ወሳኞቹ ግን «ከ» እና «በ» ናቸው። «ከ» ማን ከማን እንደሚወዳደር ትነግረናለች፤ «በ» ደግሞ ክፍተቱን። 368 የሰው ብዛት ሳይሆን የክፍተት ብዛት ነው። ልጄ «ከ»ን በቀይ፣ «በ»ን በሰማያዊ እንድታከብብ አደረግኩ። ከዚያ ሁለት አሞሌ አሳልናት፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ረጅሙ የሚተርፍበት ቦታ ላይ 368። ይህ የአሞሌ ሥዕል ሲንጋፖሮች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በመማሪያ መጽሐፎቻቸው ያስለመዱት ነው። አጭሩ የቱ ነው? የሴቶቹ። ታዲያ መልሱ ከ1,245 ሊበልጥ ይችላል? አይችልም። 877።

ይቺ «ሊሆን ይችላል?» የምትለዋ ጥያቄ ብቻዋን ብዙ እንባ ታድናለች። ያን ማታ እኔ ከመጮህ ይልቅ «ሦስት ሺህ ገደማ እንቁላል ነበር፣ ግማሹ ገደማ ተሸጠ፣ ስንት ገደማ ይቀራል?» ብላት ኖሮ 2,473 ራሱ ዓይኗ ሥር ይጮህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዎቻችንን ከመጽሐፍ ውጭ እንፈልጋለን። የእንቁላልና የኩንታል ነገር ሰልችቷታል። አንዱ ቀን የአድዋ ድል 1888፣ ጣሊያን ተመልሶ የመጣበት 1928፤ ስንት ዓመት ቆይቶ መጣ? አርባ። (በወር ስናሰላው ግን ከየካቲት እስከ መስከረም ስለሆነ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ከሰባት ወር አካባቢ ነው፤ ጳጉሜን የት እናስገባት ብለን ተጨቃጭቀናል።)

በጣም የወደደችው ግን የሩጫውን ነው። ትዕግስት አሰፋ በመስከረም 2016 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ፣ የሰበረችው ክብረ ወሰን የኬንያዊቷ ብሪጂድ ኮስጌይ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ04 ሰከንድ ነበር። በስንት ቀደመችው? ልጄ 4 ሰከንድ ላይ 53 አይቀነስም ብላ ከደቂቃው አንዱን ዘረዘረች። «አስር» ልትጽፍ እጇ ከሄደ በኋላ ቆመች። አየችኝ። ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት እየተማርኩ ነው። «አንድ ደቂቃ ሲዘረዘር ስልሳ ነው» አለች በመጨረሻ። 64 ሲቀነስ 53፣ 11። 13 ሲቀነስ 11፣ 2። ሁለት ደቂቃ ከአስራ አንድ ሰከንድ። «መበደር» ብዬ ብቻ ባስተምራት ኖሮ ይህን የምታገኘው አይመስለኝም። ዝርዝሩ የሚወሰነው በሚዘረዘረው ነገር ነው፤ ብር ከሆነ በአስር፣ ደቂቃ ከሆነ በስልሳ።

ሌላም መንገድ አገኘች፣ እኔ ያላሰብኩት። ስለ ዕድሜ እያወራን ነበር። እኔ 41፣ እሷ 9፤ ልዩነቱ 32። ከሦስት ዓመት በኋላ 44 እና 12፤ አሁንም 32። «ሁሌም እኩል ነው የምናድገው» አለች። ከዚያ 3,002 እና 1,475ን ከሁለቱም ላይ ሦስት ሦስት ወደ ኋላ መለሰቻቸው። 2,999 ሲቀነስ 1,472። ዘጠኝ ላይ ሁሉም ይቀነሳል፤ የሚዘረዘር የለም። 1,527። እናቷን ጠርታ አሳየቻት።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። በቅርቡ ተፈትና ከአስር ስድስት አመጣች። ከአራቱ ስህተት ሁለቱ ቁጥሩን አዛብታ በመገልበጧ ነው፣ አንዱ ያው የድሮ ሕጓ ነው። የድሮ ሕግ ቶሎ አይለቅም። አንድ ማታም እንደገና ድምፄን ከፍ አድርጌባት «አባዬ፣ ጠረጴዛውን እንዳትመታው» ብላኛለች።

አሁን መምህርቷ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ጥያቄ ጽፈው እንዲመጡ አዝዛለች። ልጄ ትናንት ማታ ጽፋ አነበበችልን፦ «እማዬ 1,500 ብር ይዛ ገበያ ሄደች። ሽንኩርትና ዘይት በ875 ብር ገዛች። ለአባዬ ስንት ተረፈ አለችው?»

እኔ ስድስት መቶ ሃያ አምስት ብዬ መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት፣ እናቷ ከጓዳ «ይሄኛው ከመጽሐፉ ውጭ ነው፣ ሰርዢው» አለች።