«ዛሬ ከማን ጋር ነው የምንጫወተው?»

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ እሁድ ጠዋት ከእንቅልፋቸው ሲነሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው፦ «ዛሬ ከማን ጋር ነው የምንጫወተው?» እኛ የሚሉት ጅማ አባ ጅፋርን ነው። ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ቁርስ ሳይቀርብ፣ አንዳንዴም ቀኑ እሁድ ሳይሆን ማክሰኞ ሆኖ ይጠይቃሉ። ለጋሼ ዘመኑ 2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ብዙው ነገር ከአእምሯቸው ወጥቷል።

እግር ኳስ ለማትከታተሉ አንባቢያን ነገሩን ላስረዳ። በ2009 ዓ.ም. የጅማ ሰው በአንድ ዓመት አዝኖም ተደስቶም ነበር። አባ ቡና የሚባለው ቡድናችን ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። በዚያው ዓመት ደግሞ በከፍተኛ ሊግ ይጫወት የነበረው ጅማ ከተማ ወደ ላይ አለፈ። ስሙንም ወደ ጅማ አባ ጅፋር ለወጠ። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ጅሬን ኮረብታ ላይ ባለው በንጉሡ ስም መሆኑ ነው። እንኳን ዋንጫ፣ ሳይወርድ ቢቆይ ተመስገን እንል ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ አራት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ ወስዶ አምስተኛውን የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። አሠልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ ግን ቡድኑን ይዘው 30 ጨዋታ ተጫወቱ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ግብ አስቆጥሮ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በመጨረሻ አባ ጅፋርና ጊዮርጊስ በነጥብ እኩል ሆኑ፤ በግብ ክፍያ ዋንጫው ጅማ ቀረ። ከታች በመጣበት ዓመት!

እኔ ያን ጊዜ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። በተረኛነት ላይ ሆኜ የሰማሁት ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። መጀመሪያ አደጋ የደረሰ መስሎኝ የቁስል መስፊያውን እቃ አስወጥቼ ነበር።

ጋሼ ዕድሜያቸውን በሙሉ በቡና መጋዘን ሚዛን ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ለቁጥር የሚያህላቸው አልነበረም። በዚያ ዓመት የእያንዳንዱን ጨዋታ ውጤት በሂሳብ ደብተር ላይ ጽፈዋል፤ የጊዮርጊስን የግብ ክፍያ በአንድ ረድፍ፣ የእኛን በሌላ ረድፍ። በየሳምንቱ ልጃቸውን አስከትለው ሜዳ ይገባሉ፤ ሲመለሱ እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ ቡና አፍልታ ትጠብቃለች። እትዬ በ2013 ዓ.ም. አረፈች። ቡድኑም በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ወረደ። የጋሼ መርሳት በግልጽ የታየን በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ነው። ሚዛን ላይ የኖሩት ሰው የሱቅ መልስ መቁጠር አቃታቸው።

ጎረቤት «ጃጅተው ነው፣ እርጅና ነው» አለ። እኔም ሙያው እያለኝ ከወራት በላይ እንደዚያው አልኩ፤ ይህንን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። እርጅና ያዘገያል እንጂ የለመዱትን የቤት መንገድ አያስጠፋም። የሚረሳ ሰው ሁሉ ደግሞ የመርሳት በሽታ አለበት ማለት አይደለም። የታይሮይድ እጢ ሲደክም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሲኖር፣ የሚወስዱት መድኃኒት ሲበዛ፣ ሐዘን ሲጫን፣ ጆሮ ሲደነቁርም ሰው ይረሳል። እነዚህ ደግሞ መፍትሔ አላቸው። ድንገት በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ የሚቀባጥር አረጋዊ ካላችሁ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሳታሳድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ጋሼን ዘግይተንም ቢሆን ወሰድናቸው፤ ተመረመሩ፤ የመርሳት በሽታ መሆኑ ተነገረን። የሚያድን መድኃኒት የለውም።

አሁን ወደ እሁዱ ጥያቄ ልመለስ። ልጃቸው አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። በወር አንድ ጊዜ ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ ይመጣል። አባቱ «ዛሬ ከማን ጋር ነው?» ሲሉት እውነቱን ይነግራቸው ነበር፤ «አባዬ፣ ወርደናል እኮ። ከወረድን ቆየን» ይላቸዋል። ጋሼ ይደነግጣሉ። «ማን ነው ያወረደን?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ክንዳቸውን ተደግፈው ያለቅሳሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይረሱታል። ከሰዓት እንደገና ይጠይቃሉ፣ እንደገና ይነገራቸዋል፣ እንደገና ያለቅሳሉ።

ይህንን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በሥራ ዘመኔ ግራ የተጋባ ታማሚ ስናይ «ስምዎ ማነው? ዛሬ ቀኑ ምንድነው? ያሉት የት ነው?» እያልን እናቀና ነበር። ለድንገተኛ መደናገር ይጠቅማል። ስለዚህ ለቤተሰቡ «አትዋሹዋቸው፣ እውነቱን ደጋግማችሁ ንገሯቸው፣ ይለምዱታል» አልኩ። አልለመዱትም። ይህ በሽታ አዲስ ነገር የሚቀመጥበትን ቦታ ነው ቀድሞ የሚነካው፤ ሐዘኑ በተነገራቸው ቁጥር አዲስ መርዶ ነው።

የቡድኑ መውረድስ ይሁን። አንድ ቀን ግን «እትዬ የት ሄደች? ቡናው አልፈላም እንዴ?» አሉ። ልጃቸው ወደ እኔ አየ። እንደተማረው «አባዬ፣ እማዬ አርፋለች» አለ። ያን ቀን ያየሁትን አልጽፈውም። ልጁ ማታ ግቢው ውስጥ መኪናውን ተደግፎ «አክስቴ፣ እኔ ከዚህ በኋላ አልመጣም። በመጣሁ ቁጥር አባቴን የማለያየው እኔ ነኝ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ከነርስነቴ አይደለም፤ ከጋሼ ጓደኞች ነው። ሦስት ናቸው፤ አንዱ ሀጂ፣ አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር፣ አንዱ ጫማ ቤት የነበራቸው። በ2010 አብረው ሜዳ ይገቡ የነበሩ ናቸው። ከልጁ ጋር ያ ከሆነ በኋላ ባለው እሁድ መጡ፣ ቡና ቀረበ። መምህሩ የዋንጫውን ቀን አነሱ። እኔ «ታስታውሳላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቋቸው ብዬ አስጠንቅቄ ነበር፤ ሰው ፈተና ላይ የተቀመጠ መስሎት ይሸማቀቃልና። አልጠየቋቸውም። እርስ በርሳቸው ተጣሉ እንጂ!

«ያን ቀን ዝናብ ነበር» አሉ ሀጂ። «አልነበረም» አሉ መምህሩ። ጫማ ቤቱ ሰውዬ ጫማቸው በጭቃ መበላሸቱን ምስክር ጠሩ። ጋሼ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው «ዝናቡ ከሜዳ ስንወጣ ነው የጀመረው» አሉ። ሁሉም ፀጥ አሉ። ጋሼ ቀጠሉ፤ ስለ ኦኪኪ ጭንቅላት፣ ስለ ጋናዊው ግብ ጠባቂ እጅ፣ በግብ ክፍያ ጊዮርጊስን እንዴት በጣታቸው እየቆጠሩ እንደተከታተሉት። ለሦስት ወር አንድ ዓረፍተ ነገር ያልጨረሱ ሰው!

ከዚያ ደግሞ ቀኝ ክንፍ ላይ አብሯቸው የተማረ የልጅነት ጓደኛቸውን አሰለፉ። ያ ሰው ኳስ የተጫወተው በጃንሆይ ጊዜ፣ በባዶ እግሩ ነው። መምህሩ ሊያርሙ አፋቸውን ከፈቱ። ሀጂ ቀደሟቸው፦ «አይ ያ ልጅ! ሩጫው!» አሉ። ጋሼ ሳቁ። ሀጂ አልዋሹም፤ ልጁ ሯጭ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ጀበናውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

በኋላ ሳነብ በስኮትላንድ ይህንን ሥራዬ ብለው እንደሚሠሩት አወቅሁ። ግላስጎው በሚገኘው ሃምፕደን ስታዲየም ያለው የእግር ኳስ ሙዚየምና የአልዛይመር ማኅበራቸው ተባብረው፣ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አረጋውያን የድሮ ቡድኖቻቸውን ፎቶ እያሳዩ ያጫውቷቸዋል። ሕክምና ነው አይሉም። የሚሉት ሰውዬው ለዚያች ሰዓት ታማሚ ሳይሆን ደጋፊ ይሆናል ነው። እኛ ጋ ፎቶም ሙዚየምም አያስፈልግም፤ ቡናና ተከራካሪ ጓደኛ ይበቃል።

አንድ ነገር ገርሞኛል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው የልጅነት ትዝታ ነው፤ 2010 ግን ቅርብ ነው። ስገምት ያ ዓመት በጋሼ አፍ ስንት ጊዜ ተተርኳል! ልብ የነካና ተደጋግሞ የተወራ ነገር ቶሎ አይለቅም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አልያዙትም። ቡድኑ በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ አል አህሊን በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 ማሸነፉን ብነግራቸው በትህትና «እንዴ?» አሉኝ። በመጀመሪያው ጨዋታ 2 ለ 0 ተሸንፈን ስለነበር መውደቃችንን ግን አልነገርኳቸውም። አሠልጣኙ ወደ መቀሌ ሄደው እዚያም ዋንጫ ማንሳታቸውንም አልነገርኳቸውም። ምን ያደርግላቸዋል?

ከዚያ እሁድ በኋላ ልጁን ደውዬ ጠራሁት። ጥፋቱ የእኔ ምክር እንደነበር ነገርኩት። ዋሽ አላልኩትም። እንዲህ አልኩት፦ ጥያቄውን አትመልስ፣ ከጥያቄው በስተጀርባ ያለውን መልስ። ቤታችሁ እንዲህ ያለ አባት ወይም እናት ካለ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ጠዋት፣ አእምሮ ሳይደክም እናጫውታቸዋለን፤ ማምሻ ላይ ይበሳጫሉ። ቴሌቪዥኑን እናጠፋለን። እጃቸው ላይ የሚነካ ነገር እናስይዛለን፤ ለጋሼ ያ የሂሳብ ደብተርና ጫፉ የተተረተረው የደጋፊ ስካርፍ ነው። ስህተት ቢናገሩ እናልፋለን። የሚያስከፋ ትዝታ ከመጣ አንሟገትም፤ እጃቸውን ይዘን ትንሽ ቆይተን ሌላ ገጽ እንገልጣለን። የሚያስታምመው ሰውም ይድከመው፤ ሀጂ በመጡ ሰዓት እኔ ሄጄ እተኛለሁ፣ ምንም አላፍርም።

ልጁ መጣ። ጋሼ በሁለተኛው ቀን ጠየቁ፤ «እትዬ የት ሄደች?» አሉ። ልጁ ጉሮሮው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። «ናፈቀችህ አባዬ?» አላቸው። «እንዴታ!» «ዋንጫውን ያነሳን ቀን ቡናውን ያፈላችው እሷ አይደለች?» ጋሼ ቀና አሉ። «ማፍላት ትላለህ! አሳረረችው እንጂ! ደጅ ወጥታ እልል ስትል ቡናው ምጣዱ ላይ ከሰለ። እኛም ያንኑ ጠጣን። እንደዚያ የጣፈጠ ቡና ጠጥቼ አላውቅም።» ልጁ ይህንን ከዚህ በፊት ሰምቶ አያውቅም፤ ያን ሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ከተማው መሐል እየጨፈረ ነበር። አባትና ልጅ እየሳቁ ዓይናቸውን ጠረጉ።

አሁን በወር ሁለት ጊዜ ይመጣል። ባለፈው እሁድ ጋሼ እንደልማዳቸው «ዛሬ ከማን ጋር ነው የምንጫወተው?» አሉ። ልጁ «አንተ ማን ቢመጣ ትመርጣለህ?» አላቸው። «ማንም ይምጣ» አሉና ጫማቸውን ጠየቁ። ስካርፉን አድርጌላቸው ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወጡ። እኔም በዝግታ ተከተልኩ። ስታዲየሙ ደጃፍ ስንደርስ በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ከአንድ ፍየል በቀር ማንም የለም። ልጁ ምን እንደሚል ጨንቆት ወደ እኔ ዞረ። ጋሼ በሩን አዩት፣ መንገዱን አዩት፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ቀድመን መጣን» አሉ። «ተቀመጥ፣ ቦታ እንይዛለን።»