የተያዘውን የሚደረድር፦ የአርፔጂዬተር ትውውቅ

በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ባለችው ገንዳ ውሃ ሰርግ ሲኖር ሙዚቃው ከሩቅ ይሰማል። ባንዱ ብዙ ጊዜ አንድ ድምፃዊና አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ክራር የሚመስለውም ድምፅ ከዚያው ኪቦርድ ይወጣል። አንዳንዴ ተጫዋቹ ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ ጭኖ ሳያንቀሳቅሳቸው ኖታዎቹ ምት ሳይስቱ ተራ በተራ ሲከታተሉ እንሰማለን። ይህን የሚሠራው አርፔጂዬተር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ ጊዜ የተጫኑትን ቁልፎች ለይቶ በቅደም ተከተል ይይዛል፤ ከዚያም በሙዚቃው ፍጥነት ልክ አንድ በአንድ ያሰማቸዋል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ እጅ ሲነሳ ያቆማል። ሆልድ የሚባለው ቁልፍ በርቶ ከሆነ ግን እጅ ቢነሳም ይቀጥላል፣ ተጫዋቹም በነፃ እጁ ዜማውን ይመራል። ቅደም ተከተሉ ከወፍራም ወደ ቀጭን፣ ከቀጭን ወደ ወፍራም፣ ደርሶ መልስ፣ ጣት ባረፈበት ተራ ወይም በዘፈቀደ ሊሆን ይችላል። ሴኩዌንሰር ከተባለው ዘመዱ የሚለየው ሴኩዌንሰሩ አስቀድሞ የተሞላለትን ዜማ ሲደግም፣ ይህኛው ግን ከጣት የሚቀበለውን ብቻ የሚደረድር በመሆኑ ነው። አንድ ጣት ቦታ ቢቀይር ድርደራው ወዲያው ይቀየራል። ለዚህ ነው እኔ ከመቅረጫ ይልቅ ከመጫወቻ ወገን የምቆጥረው።

ክራር ለሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። ክራር በመምቻ ሲመታ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ እንዳይሰሙ የተፈለጉትን ክሮች ነክተው ዝም ያሰኟቸዋል። የሚሰማው ጣት ያልነካው ክር ነው። አርፔጂዬተር ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚሰማው ጣት ያረፈበት ብቻ ነው። ክራር በጣት ሲደረደር ግን ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚቀርበው ደግሞ በገና ነው። አሥር ክር ያለው በገና አንድ አጭር ድርደራ ይዞ ደግሞ ደጋግሞ ይሄዳል፣ ዘማሪውም በዚያ ላይ ቃሉን ያወርዳል። ከአርፔጂዬተር የሚፈለገው አገልግሎትም ይኸው ነው፤ ድምፃዊው የሚደገፍበት፣ የማይሰለች ድግግሞሽ።

የማይሰለች እንዲሆን ግን ቁጥሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ትዝታ ሜጀር የተባለውን ቅኝት እንውሰድ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። አምስቱን ቁልፎች ይዘን በአራት ምት ባር፣ አንዱን ምት ለአራት ከፍሎ እንዲጫወት እንልቀቀው። በአንድ ባር 16 ኖታ ይሆናል። 16 ለአምስት ሲካፈል አንድ ይተርፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ባር በዶ ቢጀምር ሁለተኛው በሬ፣ ሦስተኛው በሚ ይጀምራል፤ ዶ ተመልሶ የባር መነሻ ላይ የሚገኘው ከ80 ኖታ፣ ማለትም ከአምስት ባር በኋላ ነው። ለክለብ ሙዚቃ ይህ መንሸራተት ራሱ ውበት አለው። እስክስታ ለሚወርድ ሰው ግን ትከሻው የሚያርፍበትን ቦታ ያጠፋበታል።

የእስክስታው ምት ችክችካ የሚቆጠረው በስድስት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ፍጥነቱን ወደ ትሪፕሌት ማዞር ነው፤ አንዱ ምት ለሦስት ይከፈል። ቀጥሎ በአምስቱ ቁልፎች ላይ ከላይ ያለውን ዶ ስድስተኛ አድርጎ መጨመር። በየሁለት ምቱ ስድስት ኖታ ይሞላል፣ ዶም ሁልጊዜ መነሻው ላይ ይወድቃል። ባለ ስድስት ክር ክራርም የሚቃኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ አምስቱ ክሮች የቅኝቱን ድምፆች ይይዛሉ፣ ስድስተኛው ከአንዳቸው ጋር በኦክታቭ ይገጥማል። ደርሶ መልስ የፈለገ ሰው ግን ይጠንቀቅ። አንዳንዱ መሣሪያ ሲመለስ የጫፎቹን ኖታዎች አይደግምም፤ ስድስቱ ቁልፎች 10 ኖታ ብቻ ይሆኑና ምቱ እንደገና ይንሸራተታል። ጫፎቹን የሚደግመው ግን 12 ይሰጣል፣ ሁለት ሙሉ ባለ ስድስት ባር።

ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ቢሆን አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው፤ ለሦስት ሲከፈል እያንዳንዱ ኖታ ወደ 167 ሚሊሰከንድ ይደርሰዋል። ጌት የሚባለው ማስተካከያ ከዚህ ጊዜ ውስጥ ድምፁ ምን ያህሉን እንደሚቆይ ይወስናል። 50 በመቶ ላይ ሲሆን ድምፁ 83 ሚሊሰከንድ ያህል ቆይቶ ይቆረጣል፣ ደረቅ ይሆናል። የክራር ክር ጣት ካላስቆመው መርገብገቡን ስለሚቀጥል፣ የክራር ጠባይ የፈለገ ሰው ጌቱን ወደ 90 ያስጠጋ።

መሣሪያው ራሱ ወጣት አይደለም። ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ጁፒተር 4 አርፔጂዬተር ነበረው፤ ዱራን ዱራን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1982 ባወጣው «ሪዮ» ዘፈን ላይ የሚሰማው የሚፈስ ድምፅ የዚያ ነው። የእኛ ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ነው የሄደው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አኮርዲዮንን ከያማሃ ዲኤክስ 7 ጋር አዋህደው ሲቀርፁ፣ ዲኤክስ 7 አርፔጂዬተር አልነበረውም። የኪቦርዱን ድግግሞሽ በጣት መጠበቅ ነበረባቸው፤ በማሽን መሐል የሰው እጅ የሚሰማበት ያ ሥራ በ2013 እንደገና ታትሞ በመላው ዓለም አዲስ አድማጭ ማግኘቱ አይገርመኝም። ከዚያ ወዲህ እንደ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ ያሉት ወጣቶች የባህል መሣሪያና የአዝማሪ ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተው «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ያሉትን አምጥተዋል፤ የሚካኤል «ዘላለም» የወጣው በ2016 ነው።

ለገንዳ ውሃ ልጅ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው ማዶ ነው። ከመተማ ዮሐንስ የሱዳንን ድንበር ተሻግሮ የሚሄደው መንገድ ገዳሪፍ ያደርሳል፤ የኪቦርድ ተጫዋቹ ጃንትራ አገር። የተዘጋጀ ዘፈን ሳይዝ በያማሃው ላይ ዜማውን እዚያው እየፈጠረ ግብዣ ያደምቃል። ኦስቲናቶ የተባለው አሳታሚ በ2023 ሥራዎቹን በአልበም አውጥቷል። አብዛኛው የሱዳን ሙዚቃም በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ስድስት ቁልፍ የመያዙ ዘዴ እዚያም ይሠራል።

የሚቀረው ችግር ኪቦርዱ የሚቃኝበት መንገድ ነው። ኪቦርድ ከፋብሪካ ሲወጣ 12ቱ ድምፆች እኩል ተራርቀው ነው፤ ክራር ግን በጆሮ ይቃኛል። ትዝታ ላይ ልዩነቱ ብዙም አያስቸግርም። አንቺ ሆዬ ላይ ግን ይጎረብጣል፣ አርፔጂዬተር ደግሞ የጎረበጠውን ኖታ በየሁለት ምቱ እየመለሰ ያሰማል። ስኬል ቱኒንግ የሚባለው የድምፅ መቃኛ ያለው ኪቦርድ የያዘ ሰው ክራር ተጫዋች አጠገቡ አስቀምጦ፣ ሆልዱን አብርቶ፣ ድርደራው እየሄደ አንዱን ድምፅ ጥቂት ዝቅ፣ ሌላውን ጥቂት ከፍ እያደረገ ከክራሩ ጋር ያስማማው። ከዚያ ቅንብሩን በአንቺ ሆዬ ስም ያስቀምጠው፤ ለአምባሰልና ለባቲም ለየብቻ።