የ2012 ዓ.ም. የትግራይ ክልል ምክር ቤት ምርጫ በክልሉ የፓርቲዎች ፉክክር ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ

ጳጉሜ 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በትግራይ በተካሄደው የክልል ምክር ቤት ምርጫ ሕወሓት ከተሰጠው ድምፅ 98.2 በመቶውን በማግኘት ለምርጫ ክልሎች የተመደቡትን 152 መቀመጫዎች በሙሉ ማሸነፉ ይፋ ተደርጓል። ስለዚህ ምርጫ እስካሁን የተጻፈው አብዛኛው ነገር በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ የሚሽከረከር ነው፤ አንደኛው ምርጫው ሕገ መንግሥታዊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሁለት ወራት በኋላ ለተቀሰቀሰው ጦርነት የነበረውን ድርሻ የሚመለከት ነው። ምርጫው በራሱ በትግራይ ውስጥ በሚገኙ ፓርቲዎች መካከል የነበረውን ፉክክር ምን አደረገው የሚለው ግን ብዙም አልተነሣም። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ምርጫው ፓርቲዎችን የከፈላቸው በፖሊሲ አማራጭ ሳይሆን በመሳተፍና ባለመሳተፍ ነው፤ ውጤቱም ከተሻረ በኋላ የፓርቲዎች ትግል ከድምፅ መስጫ ሣጥን ወደ ሹመት ተዛውሯል የሚል ነው።

መነሻው የሚታወቅ ስለሆነ በአጭሩ ላስታውሰው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ለነሐሴ 2012 ዓ.ም. ታስቦ የነበረውን ስድስተኛውን ጠቅላላ ምርጫ በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት አራዘመ። ጉዳዩ ለሕገ መንግሥት ትርጉም ቀርቦ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የነባሮቹ ምክር ቤቶች የሥራ ዘመን እንዲቀጥል ወሰነ። የትግራይ ክልል ምክር ቤት በበኩሉ በሁለት ቀናት ልዩነት ምርጫው በጊዜው እንዲካሄድ ወሰነ፤ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ጥያቄውን ሳይቀበለው ሲቀርም የራሱን የምርጫ ኮሚሽን አቋቋመ። የክልሉ መሪዎች የሥራ ዘመን ያለ ምርጫ ሊራዘም አይችልም ሲሉ፣ የፌዴራሉ ወገን ደግሞ በፌዴራልም ሆነ በክልል ምርጫ የማካሄድ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 102 ለአንድ ቦርድ ብቻ የተሰጠ ነው ሲል ተከራከረ።

በዚህ ክርክር ጫጫታ ውስጥ የተሸፈነ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የምርጫ ሥርዓቱ ለውጥ ነው። ክልሉ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የምክር ቤቱን መቀመጫ ከ152 ወደ 190 ከፍ አደረገ። ከእነዚህ ውስጥ 80 በመቶው እንደ ቀድሞው በአብላጫ ድምፅ፣ 20 በመቶው ማለትም 38 መቀመጫ ደግሞ በተመጣጣኝ ውክልና እንዲያዝ ተደረገ። በኢትዮጵያ የምርጫ ታሪክ ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ የተካሄዱት ምርጫዎች ሁሉ በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት የተካሄዱ ሲሆኑ፣ በ2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በያዙ ጊዜ የቅይጥ ሥርዓት አስፈላጊነት በኢሕአዴግ ውስጥ ሳይቀር ሲነገር ቆይቷል። የተነገረውን በሕግ ያወጣው ትግራይ ነው።

ይሁን እንጂ ቅይጥ ሥርዓት የሚባለው አንድ ዓይነት አይደለም። በትይዩ አሠራር የተመጣጣኝ ውክልና መቀመጫዎች ከምርጫ ክልሎቹ ውጤት ተለይተው ለብቻቸው ይከፋፈላሉ፤ አሸናፊውም ከሁለቱም ይወስዳል። በማካካሻ አሠራር ግን በምርጫ ክልል ደረጃ የተጎዳው ፓርቲ ከጠቅላላው ምክር ቤት የሚገባውን ድርሻ እስኪያገኝ ድረስ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ለማነጻጸር ሌሶቶ ጥሩ ምሳሌ ናት። በዚያች አገር በ1998 እ.ኤ.አ. ገዥው ፓርቲ 60 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ ከ80 መቀመጫዎች 79ኙን ወሰደ፤ ከዚያ የተከተለው ሁከት የደቡብ አፍሪካንና የቦትስዋናን ጦር እስከ ማስገባት ደረሰ። በ2002 እ.ኤ.አ. 40 የማካካሻ መቀመጫዎች ሲጨመሩ፣ በምርጫ ክልል አንድም ያላሸነፈው የባሶቶ ናሽናል ፓርቲ 21 መቀመጫ አገኘ።

ይህንኑ ስሌት በትግራይ ውጤት ላይ እንሞክረው። ከ38 መቀመጫዎች አንዱ ከድምፁ 2.6 በመቶ ያህል ይጠይቃል። ከሕወሓት ውጭ ያሉት ሁሉ በአንድነት ያገኙት 1.8 በመቶ ነው። ስለዚህ በትይዩ አሠራር ድምፃቸው ቢደመር እንኳ ለአንድ ሙሉ መቀመጫ አይበቃም። በማካካሻ አሠራር ከ190 መቀመጫዎች ሦስት ያህል ይደርሳቸው ነበር። ከዚህ የምንረዳው የቀመሩ ዓይነት ልዩነት ቢኖረውም ልዩነቱ ጥቂት መሆኑን ነው። ሌሶቶን የታደጋት ማካካሻው ብቻ ሳይሆን ለተቃዋሚዎች ድምፅ የሰጠ ብዙ መራጭ አስቀድሞ መኖሩ ነው። በእኔ አመለካከት ስለ ቅይጥ ሥርዓት የሚደረገው የአገራችን ክርክር ይህን ነጥብ ብዙ ጊዜ ይስተዋል፤ ቀመር ያለውን ድምፅ ያከፋፍላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም።

እንግዲያው ድምፁ ለምን አንድ ወገን ላይ ተከማቸ? በውድድሩ ላይ የነበሩት ከሕወሓት ሌላ ባይቶና፣ ሳልሳይ ወያነ ትግራይ፣ ውድብ ናፅነት ትግራይና ዓሲምባ ነበሩ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በ2010 ዓ.ም. ከመጣው የፖለቲካ ለውጥ በኋላ ጎልተው የወጡ፣ በተማሩ ወጣቶች ዘንድ ተሰሚነት ማግኘት የጀመሩ ናቸው። ሕወሓትን በአስተዳደር ብልሹነትና በአድራጊ ፈጣሪነት አጥብቀው ይነቅፉ ነበር። ዳሩ ግን የዚያን ክረምት ዋነኛ ጥያቄ መሬት ወይም ሥራ አጥነት ወይም የመቐለ የውኃ ችግር አልነበረም፤ ትግራይ ያለ ፌዴራሉ መንግሥት ፈቃድ መምረጥ ትችላለች ወይ የሚለው ነበር። በዚህ ላይ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ከሕወሓት ጋር አንድ መልስ ነበራቸው። ምርጫው በስም የምክር ቤት ምርጫ ሆኖ በይዘቱ ወደ ሕዝበ ውሳኔ ተጠጋ፤ ለሕዝበ ውሳኔው ጥያቄ አዎን ለማለት የፈለገ መራጭም ጥያቄውን ያነሣውን ፓርቲ መረጠ።

አይደለም ብሎ የሚመልስ መራጭ ደግሞ በወረቀቱ ላይ ምርጫ አላገኘም። ዓረና ከውድድሩ ራሱን አገለለ፤ የብልፅግና ፓርቲም አልተሳተፈም። የዓረና መቅረት በተለይ ትኩረት ይሻል። ፓርቲው ከ1993ቱ የሕወሓት መከፋፈል በኋላ ከድርጅቱ በወጡ ነባር ታጋዮች፣ ከእነርሱም መካከል በቀድሞው የክልሉ ፕሬዚዳንት በአቶ ገብሩ አሥራት፣ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሕወሓትን በትግራይ ምድር ረዘም ላለ ጊዜ የተፎካከረ ነው። ባለመሳተፉ የሕግ አቋሙን አስከበረ፤ ነገር ግን ደጋፊዎቹ የሚቆጠሩበትን ብቸኛ አጋጣሚ አሳለፈ። የተሳተፉት ተቆጥረው አነሱ፣ ያልተሳተፈው አልተቆጠረም። በሁለቱ መካከልም እንደ ከሃዲና እንደ አጃቢ የመተያየት ስሜት ሰፈነ።

የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫው ሊካሄድ አራት ቀን ሲቀረው፣ ነሐሴ 30 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ሕጋዊ ተፈጻሚነት እንደሌለው ወሰነ። መስከረም 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ከክልሉ ከፍተኛ አመራር ጋር ያለውን ግንኙነት አቋርጦ ከታችኛው አስተዳደር ጋር እንዲሠራ አዘዘ። ጥቅምት ሳይወጣ ጦርነቱ ተጀመረ። ጥር 10 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ የሕወሓትን ምዝገባ ሰረዘ።

የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም፣ በብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሥር ምርጫ እስኪካሄድ ድረስ አካታች ጊዜያዊ አስተዳደር እንደሚቋቋም በአንቀጽ 10 ተደነገገ። በዚህም የ2012ቱ ምክር ቤት በተግባር ቀረ። የፓርቲዎች ሕይወት የተለወጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ወንበር የሚገኘው ከመራጭ ሳይሆን በድርድር በሚዋቀር ካቢኔ በመሆኑ፣ የአንድ ፓርቲ ክብደት መለኪያ የደጋፊው ብዛት መሆኑ ቀርቶ ለሹመት ሰጪው ያለው ቅርበት ሆነ። ከካቢኔው ውጭ የቀሩት አደባባይ መውጣት ነበረባቸው፤ በጳጉሜ 2015 ዓ.ም. ተቃዋሚ ፓርቲዎች በመቐለ የጠሩት ሰልፍ ግን በፖሊስ ተበተነ፣ መሪዎቻቸውም ታሰሩ። ዋናው ፉክክር ወደ ራሱ ወደ ሕወሓት ውስጥ ገባ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በመቐለ የተካሄደውን 14ኛ ጉባኤ የጊዜያዊ አስተዳደሩ ፕሬዚዳንት አቶ ጌታቸው ረዳና ሌሎች አመራሮች ሳይገኙበት ቀሩ፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. በዶክተር ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል የሚመራው ወገን አቶ ጌታቸውን ከሥልጣን ማንሣቱን አስታወቀ። ሁለቱም ወገኖች ሥልጣን አለን የሚሉት በመራጭ ውሳኔ አልነበረም፤ አንዱ በፌዴራል መንግሥት ሹመት፣ ሌላው በፓርቲ ጉባኤ ነበር።

ጉዳዩ ወደ ታች ሲወርድ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በአገር አቀፍ ደረጃ የወረዳ፣ የቀበሌና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። የ2012ቱ የትግራይ ምርጫም የክልሉን ምክር ቤት እንጂ እነዚህን አላደሰም። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. የመቐለ ከንቲባ ማን ነው የሚለው ክርክር ሲነሣ፣ አንዱ ወገን በከተማው ምክር ቤት፣ ሌላው በጊዜያዊ አስተዳደሩ ሹመት ይምል ነበር። በመጋቢት ወር የከንቲባው ጽሕፈት ቤት በአንደኛው ወገን እጅ ሲገባ፣ አቤት የሚባልበት የታደሰ የመራጭ ውክልና ያለው አካል አልነበረም። የከተማው ነዋሪ የቦታ ካርታ ለማውጣት ወይም የንግድ ፈቃድ ለማሳደስ የማንኛው ማኅተም እንደሚጸና መጠየቅ ግድ ሆኖበት ነበር።

በትግራይ ወደፊት የሚካሄድ ምርጫ በብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሥር የሚሆን ከሆነ፣ የ80 እና 20 ክፍፍሉ ዕጣ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ክፍት ነው። ሥርዓቱ ከተሻረው ምርጫ ጋር አብሮ ከተሻረ፣ ፓርቲዎቹ 152ቱንም መቀመጫ ለአንድ ፓርቲ ደጋግሞ ወደሰጠው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ይመለሳሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሕወሓት ራሱ ተከፍሏል፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ምዝገባው እንደገና ተሰርዟል። የተከፋፈለ ድምፅ በአብላጫ ሥርዓት ሲቆጠር ከግማሽ በታች ያገኘ ወገን ምክር ቤቱን ጠቅልሎ ሊወስድ ይችላል። የማካካሻ መቀመጫ በ2012 ዓ.ም. ከነበረው ይልቅ የሚጠቅመው በእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ ነው፤ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ ከክልሉ ምክር ቤት ምርጫ ቢቀድም ደግሞ ፓርቲዎቹ ያላቸው ደጋፊ በየአካባቢው ሊቆጠር ይችላል።