የሚመጣውን መድኅን መጠበቅ

ባልባላ የተባለው የጅቡቲ ከተማ ሠፈር የተስፋፋው፣ ፈረንሳዮች በኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ በከተማው ዙሪያ ከዘረጉት የሽቦ አጥር ውጭ ነው። ሥራ ፍለጋ የመጣው ድኻ ሕዝብ ወደ ከተማው መግባት ሲከለከል በአጥሩ ጥግ ጎጆውን ቀለሰ። ዛሬ አብዛኛው ነዋሪ የእስልምና ተከታይ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ የሄዱ ክርስቲያኖችም በመካከሉ ይኖራሉ። እነዚህ ጎረቤታሞች በጸሎት ቤት ቢለያዩም ተስፋቸው ይቀራረባል። ክርስቲያኑ ኢየሱስ ክርስቶስ በሕያዋንና በሙታን ላይ ሊፈርድ ዳግመኛ ይመጣል ብሎ ያምናል። ሙስሊሙም የመርየም ልጅ ዒሳ ከሰማይ እንደሚወርድ፣ ማህዲ የሚባለው መሪም ተነሥቶ ግፍ የሞላባትን ምድር በቅን ፍርድ እንደሚሞላት ይጠብቃል።

ይህን የመሰለ ተስፋ በሌሎችም ሃይማኖቶች ይገኛል። አይሁድ ከዳዊት ዘር የሚወለደውን መሲሕ፣ በጥንታዊት ፋርስ የተነሣው የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች ሳኦሽያንትን፣ ሂንዱዎች በነጭ ፈረስ የሚመጣውን ካልኪን፣ የቡድሃ ተከታዮችም ማይትሬያ የሚባለውን መምህር ይጠባበቃሉ። ስሙና ምልክቱ ልዩ ልዩ ነው፤ ክፋት ለዘለዓለም ሠልጥኖ አይኖርም የሚለው እምነት ግን በሁሉም ዘንድ አለ።

ይሁን እንጂ ተስፋው በአንድ ሰው ወይም በአንድ ቀን ላይ ሲጣል ምን እንደሚያስከትል የአገራችንና የጎረቤቶቻችን ታሪክ ያስረዳል። «ፍካሬ ኢየሱስ» የተባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል። በመሳፍንት ጦርነት የተሠቃየውም ሕዝብ ይህን ስም ይጠባበቅ ነበር። ስለዚህ የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1855 በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ስመ መንግሥታቸውን ቴዎድሮስ አሉ። ነገር ግን ግዛታቸው በዐመፅ ተከፋፍሎ፣ በ1868 በመቅደላ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። በእርሳቸው ዘመን፣ በ1862፣ አባ ማህሪ የተባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ወገኖቻቸውን አስከትለው ወደ ተስፋይቱ ምድር ጉዞ ጀመሩ፤ ብዙዎቹም በረኃብና በበሽታ ትግራይ ላይ አለቁ። በሱዳንም መሐመድ አሕመድ በ1881 «ማህዲ እኔ ነኝ» ብሎ ተነሣ። እርሱ ከሞተ በኋላ ተከታዮቹ በ1888 ጎንደርን አቃጠሉ፤ በ1889 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ከእነርሱ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ።

ሃይማኖቶቹ ራሳቸው ስለዚህ ነገር አስጠንቅቀዋል። ወንጌል ያችን ቀንና ሰዓት ከአብ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ያስተምራል። ቁርኣንም የሰዓቲቱ ዕውቀት በአላህ ዘንድ ብቻ መሆኑን ይናገራል። የአይሁድ ሊቃውንትም በተልሙድ የፍጻሜውን ዘመን የሚያሰሉትን ሰዎች ገሥጸዋል። እንግዲህ ሦስቱም የሚስማሙበት ቁም ነገር፣ ተስፋ የሚያደርግ ሰው ዘመን መቁጠርን ትቶ፣ ከሚመጣው መድኅን የሚጠብቀውን ቅን ፍርድ ዛሬውኑ ለጎረቤቱ እንዲያደርግ ነው። ባልባላን በመሰለ፣ ልዩ ልዩ እምነት ያለው ሕዝብ አንድ መንገድና አንድ ገበያ በሚጋራበት ስፍራ፣ ይህ ትምህርት ለሰላም እጅግ ያስፈልጋል።