ቺን ፕላስ ወይስ ሃን፦ ዳገት ላይ ማን ይፈተለካል?

ከነገሌ ቦረናና ከያቤሎ ስለ ሁለቱ የቢዋይዲ ፕለግ-ኢን ሃይብሪዶች ጉልበት የምትጠይቁኝ በርክታችኋል። በካታሎጉ ከሄድን ክርክር የለም። ከዜሮ 100 ለመግባት ቺን ፕላስ ዲኤም-አይ (በባትሪ 120 ኪሎ ሜትር የሚሄደው) 7.3 ሰከንድ፣ ሃን ዲኤም-ፒ 3.7 ሰከንድ። ቺን ፊቱን ብቻ በ145 ኪሎዋት ይነዳል፤ ሃን ፊት 160፣ ኋላ 200 አለው።

ቁም ነገሩ ባትሪው ሲወርድ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ አይጎዳውም፤ የቤንዚኑ ግን አየር ይፈልጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። የቺን 1.5 ሊትር ቱርቦ የለውም፤ 81 ኪሎዋቱ ነገሌ ላይ ወደ 70፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 60 ይጠጋል። ሃን ቱርቦ ስላለው ብዙም አይሰማውም።

ስለዚህ በቺን ረጅም ዳገት ከመጀመራችሁ በፊት ባትሪውን አታሟጡት፤ የሚቆጠበውን ቻርጅ ከስክሪኑ ከፍ አድርጉ። ኮረኮንች ላይ ደግሞ የሃን 3.7 ሰከንድ ወሬ ነው፤ ጎማው መሬት ካልያዘ ኮምፒውተሩ ራሱ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። ለቆላ መንገድ እኔ ቺንን እመርጣለሁ። ብቻ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለታገደ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሊብሬውንና የጉምሩክ ወረቀቱን እዩ።