ፊደል የቆጠረው ልጅ ለምን ማንበብ ተሳነው?

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ተፈጽሞ የውጤት ካርድ በሚታደልበት ሰሞን በየቤቱ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚል ነው። ደኅና ደረጃ ያገኘው ልጅ ይሳማል፤ ወደ ኋላ የቀረው ይገሠጻል። ከዚያም ካርዱ በወላጅ ተፈርሞ ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ለመሆኑ በካርዱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ልጁ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደ ጎደለው ይነግረናልን?

በሠፈራችን የሚኖሩ አንዲት አያት ይህን ጥያቄ እንዲያነሡ ያደረጋቸው አንድ አጋጣሚ ነው። የልጅ ልጃቸው የ3ኛ ክፍል ተማሪ ነው። አማካይ ውጤቱ 76፣ ደረጃውም ከ54 ልጆች 14ኛ ስለ ነበረ ቤተ ሰቡ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። አያቲቱ ራሳቸው ፊደል የለዩት ልጅ ከወለዱ በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዛሬ ዐይናቸው ስለ ደከመ ከእድር የመጣውን ማስታወቂያ እንዲያነብላቸው ልጁን ጠሩት። ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ ቆመ። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ነገር ግን አንድ ቃል አልወጣውም።

አያቲቱ ልጁ የደነገጠ መስሏቸው «እስቲ መጽሐፍህን አምጣና አንብብልኝ» አሉት። በዚህ ጊዜ ልጁ ገጹን ገልጦ ያለ አንዳች መሰናክል አንበለበለው። ነገሩ ስላልጣማቸው እጃቸውን በገጹ ላይ ጫኑበት። ልጁ ግን ንባቡን አላቋረጠም፤ እስከ መጨረሻው ወረደው።

«የኔ ጌታ፣ ይኼ እኮ ንባብ አይደለም፤ በቃል የተያዘ ነው» አሉት በሐዘን።

በማግስቱ ከልጁ እናት ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። መምህርቷን ባገኟት ጊዜም «ልጄ፣ ልወቅስሽ አልመጣሁም። 76 ያገኘው ምኑን አውቆ እንደ ሆነ እንድትነግሪኝ ብቻ ነው» አሏት። መምህርቷ ልጁን ጠርታ ከፊደል ገበታው ላይ «ሎ»ን አመለከተችው። ልጁ ወዲያው አልመለሰም። ከ«ለ» ተነሥቶ በለሆሳስ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል…» እያለ ቆጥሮ ደረሰበት። «እውነትዎን ነው እማማ» አለች መምህርቷ፤ «ፊደል ቆጠረ እንጂ ፊደል አልለየም።»

ይህ የአንድ ልጅ ወይም የአንድ ትምህርት ቤት ችግር ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በሚገኙ 338 ትምህርት ቤቶች ከ13,000 በሚበልጡ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች ላይ፣ በስድስት ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። በዚያን ጊዜ ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታውቋል። እነዚህ ልጆች ከትምህርት ገበታ የራቁ አልነበሩም፤ በየቀኑ ደብተር ይዘው ክፍል የሚገቡ ነበሩ።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የፈተናው ዓይነት ነው። ከ50 በላይ ልጆች በሚማሩበት ክፍል መምህሩ ለማረም የሚቀለውን «እውነት ወይም ሐሰት» እና «አዛምድ» ያዘወትራል። ልጁም ከመጽሐፉ በቃሉ የያዘውን ያስታውሳል፣ ያልያዘውን ይገምታል፤ ነጥብም ያገኛል። ደረጃ ደግሞ ልጁ ከጓደኞቹ መካከል የት እንደ ቆመ እንጂ የቱን ፊደል እንደማያውቅ አያሳይም። ፊደላችን 33 ሆሄያትን በሰባት ሰባት ሆህያተ ድምፅ ዘርዝሮ 231 መልክ ያለው ነው። ከእነዚህ መካከል የትኛው ልጁን እንዳሰናከለው «76» የሚለው ቁጥር ሊናገር አይችልም።

ምዘና ግን ሌላ አገልግሎት አለው። የአገራችን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በ1986 ዓ.ም. ሲወጣ ተከታታይ ምዘና በየደረጃው እንዲካሄድ ደንግጎ ነበር። በሌላውም ዓለም ቢሆን ፖል ብላክና ዲላን ዊልያም የተባሉ የለንደን ምሁራን በ1998 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን መርምረው፣ መምህሩ የምዘናውን ውጤት የማስተማሪያ ዘዴውን ለማስተካከል ሲጠቀምበት የልጆች ትምህርት እንደሚሻሻል፣ ከሁሉም ይልቅ ወደ ኋላ የቀሩት እንደሚጠቀሙ አስረድተዋል። ከዚያ በፊት በ1988 እ.ኤ.አ. ሩት በትለር የተባሉ ተመራማሪ በእስራኤል አገር ባካሄዱት ጥናት ደግሞ፣ ነጥብ ሳይሰጣቸው ምን እንደሚያርሙ በጽሑፍ ብቻ የተነገራቸው ልጆች ሲሻሻሉ፣ ነጥብ የተሰጣቸው ግን ምክሩ አብሮ ቢጻፍላቸውም አልተሻሻሉም። ልጅ ነጥቡን ካየ ምክሩን አያነብም ማለት ነው።

ወደ ሠፈራችን ትምህርት ቤት እንመለስ። መምህርቷ ነገሩን በልቧ ይዛ ዝም አላለችም። 3ኛ ክፍልን በሌሎቹ ምድቦች ለሚያስተምሩት ሁለት ባልደረቦቿ ነገረቻቸው። አንደኛው ለረጅም ዘመን ያስተማሩ አዛውንት፣ ሁለተኛዋ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለት ዓመቷ የሆነ ወጣት ናቸው። ርእሰ መምህሩም በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ፈቀዱላቸው። ሦስቱም በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ አጭር ታሪክ በአንድ ገጽ ጽፈው እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስነበቡ። ነጥብ አልሰጡም፤ የተሳሳተውን ፊደል ብቻ መዘገቡ።

ሦስቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲዘረጉ ማንም ለብቻው ሊያየው ያልቻለው ነገር ታየ። በሦስቱም ምድብ ብዙ ልጆች ሣልሱን ከኃምስ ያምታታሉ፤ «ሌሊት» የሚለውን «ሊሌት» ይላሉ። አንድ ወጥ ምልክት የሌለው ሳድስም ብዙዎቹን አሰናክሏል። በወጣቷ መምህርት ምድብ ግን በሳድስ የተሰናከሉት ጥቂት ነበሩ። «ምን አድርገሽ ነው?» ተብላ ስትጠየቅ አፍራ፣ ከአሮጌ ካርቶን ፊደል እየቆረጠች፣ እንደ ካርታ እየበወዘች ልጆቹን እንደምታጫውት ተናገረች። አዛውንቱ መምህር ይህን ሲሰሙ የልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት ትዝ አላቸው። የኔታ ከ«ሀ ሁ» ቀጥለው «አቡጊዳ»ን ያስቆጥሩ የነበረው ፊደሉን ከተራው አዘበራርቆ ልጁ በዜማ ሳይሆን በመልክ እንዲለየው ነበርና።

በሚቀጥለው ሳምንት አዛውንቱ መምህር በወጣቷ ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስታስተምር ተመለከቱ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእኛ ዘንድ ወደ መምህር ክፍል የሚገባ ሰው ጉድለት ፈላጊ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ታላቅ ከታናሽ መማርም ያሳፍራል። በጃፓን አገር ግን መምህራን አንድን ትምህርት አብረው አዘጋጅተው፣ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ የልጆቹን ሁኔታ ተመልክተው፣ በኋላ የሚወያዩበት ልማድ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። የሚታየው መምህሩ ሳይሆን ትምህርቱ ስለ ሆነ የሚያፍር የለም።

ከዚያ በኋላ ሦስቱ መምህራን በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ልጆቹን በምድብ ሳይሆን በጎደላቸው ከፋፈሏቸው። ፊደል ያልለዩት በአንድ ክፍል፣ ቃል ለማያያዝ የተቸገሩት በሌላው፣ አንብበው ያልተረዱት በሦስተኛው ሆኑ። በየሦስት ሳምንቱም እንደገና እያስነበቡ የተሻለውን ወደሚቀጥለው አሸጋገሩ። ሥራው ድካም ነበረው፤ ስብሰባ ሐሙሱን የወሰደባቸው ጊዜም አልጠፋም። ዓመቱ ሲያልቅ አሁንም ያልተሳካላቸው ልጆች ነበሩ። ነገር ግን መምህራኑ እነማን እንደ ሆኑና ምን እንደ ጎደላቸው በስም ያውቃሉ፤ መዝገቡንም ለ4ኛ ክፍል መምህራን አስረክበዋል።

እናቶችስ ምን ልናደርግ እንችላለን? ከሁሉ በፊት ልጁ አይቶት የማያውቀውን ጽሑፍ እናስነብበው፤ የእድር ማስታወቂያ፣ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ የስኳር ከረጢት ይበቃል። ማንበብ የማንችል ብንሆን እንኳ ያነበበውን በራሱ ቃል እንዲያወራልን እንጠይቀው፤ ያልገባው ልጅ ሊያወራው አይችልም። ቢሳሳት አንምታው፣ ከጎረቤት ልጅም ጋር አናወዳድረው፤ የተሳሳተበትን ግን እንያዝ። ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድም «ስንተኛ ነው?» ማለቱን ትተን «ምን ይችላል? ምን ቀረው? በቤት ምን ልርዳው?» ብለን እንጠይቅ። እንዲህ ያለው ጥያቄ መምህሩን አያስቀይምም፤ የሥራ ጓደኛ እንዳገኘ ይቆጥረዋል።

በሰኔ ወር ያ ልጅ የዓመቱን ካርድ ይዞ መጣ። የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ደረጃው ከ14ኛ ወደ 19ኛ ወርዷል፤ እርሱ ማንበብ ሲማር ሌሎቹም ተምረዋልና። እናቱ ፊቷ ሲጠቁር አያቲቱ ካርዱን ወደ ጎን አኑረው አዲሱን የእድር ወረቀት ሰጡት። ልጁ ቀስ እያለ፣ በሁለት ቃላት ላይ ቆም ብሎ እየተመለሰ፣ መዋጮው ስንት እንደ ሆነና ስብሰባው መቼ እንደሚውል አንብቦ ነገራቸው። አያቲቱም ስብሰባው እንዳያመልጣቸው ነጠላቸውን አነሡ።