በውርጭ ወራት በሞተር ብስክሌት ስለሚጓዙ ሠራተኞች

በደጋው አገር ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሰማዩ ጠርቶ ያድራል፤ ምድርም በቀን የተቀበለችውን ሙቀት የሚይዝላት ደመና ስለሌለ እስኪነጋ ድረስ ስትቀዘቅዝ ታድራለች። ስለዚህ ከሌሊቱ ሁሉ ብርዱ የሚጠነክረው ሊነጋጋ ሲልና ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት ነው። ውርጭ ባቄላንና አተርን በአንድ ሌሊት እንደሚያቃጥል የማያውቅ የግብርና ሹም የለም። ነገር ግን ባቄላውን ያቃጠለው ብርድ በዚያው ጧት በሞተር ብስክሌት ወደ ቀበሌ የሚሄደውን ሠራተኛ እንደሚያገኘው የምናስብ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለነጂው ብቻ ሳይሆን ይልቁንም ነጂውን ለሚያዝ አለቃ ነው።

እኔ ራሴ በጸሐፊነት ሳገለግል አንድ ጊዜ በኅዳር ወር የሠራተኞች ስብሰባ ጧት በ2 ሰዓት እንዲሆን የሚያዝ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ሰዓቱን ስጽፍ የታየኝ የአዳራሹ ነገር እንጂ የመንገዱ ነገር አልነበረም። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እንዳይዘገይ ብሎ ገና ሳይነጋ ተነሣ። በመንገድ ላይ በጎች ቢያጋጥሙት ፍሬን ሊይዝ ፈለገ፤ ጣቶቹ ግን ደንዝዘው ስለ ነበር ዘገዩበት፤ ከቦይ ውስጥም ወድቆ እጁ ተሰበረ። በኋላ ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ «ማየቱንስ አይቻቸው ነበር፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ» ብሎ ነገረኝ። ስብሰባውም እርሱን ትቶ የተጀመረው በ3 ሰዓት ተኩል ነበር። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንዲሉ፥ በደብዳቤው ላይ ያተረፍናት አንዲት ሰዓት ብዙ ወራት አስከፈለችን።

ብርድ ነጂን የሚጎዳበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ነፋስ ነው። ነፋስ በሌለበት ቦታ የቆመን ሰው በገዛ ሙቀቱ የሞቀ ስስ አየር ይከበዋል፤ የሚነዳ ሰው ግን ይህን አየር በየቅጽበቱ ይነጠቃል። የአየሩ ሙቀት 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ጧት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በተገለጠ ፊቱና እጁ ላይ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ሁለተኛው የሰውነት ጠባይ ነው። ሰውነት 37 ዲግሪ የሆነውን የውስጥ ሙቀቱን ለመጠበቅ ደሙን ከእጅና ከእግር ይሰበስባል፤ ይኸውም ወታደር ሲያንሰው ዳሩን ለቆ መሐሉን እንደሚጠብቅ የጦር አለቃ ነው። ስለዚህ ፍሬንና ፍሪሲዮን የሚይዙት ጣቶች ከሁሉ አስቀድመው ይደነዝዛሉ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ብስክሌት በ1 ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፥ የጣት መዘግየት ጥቂት ቢመስልም ከበጎቹ ፊት በመቆምና በመካከላቸው በመግባት ያለው ልዩነት እርሱ ነው።

ከዚህም የሚከፋው ብርድ አእምሮን ማደንዘዙ ነው። መንቀጥቀጥ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች የወረደ እንደሆነ ግን ሰው ቃሉ ይተሳሰራል፥ አሳቡ ይዘገያል፥ እርሱ ግን ደኅና የሆነ ይመስለዋል። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ የተወው ሰው ዳነ ማለት አይደለም፤ ሰውነቱ ደከመ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ፈጽሞ መንዳት አይገባውም፤ ወደ ሙቅ ቤት ገብቶ እርጥብ ልብሱ ተለውጦለት ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ስለ ልብስ የሆነ እንደሆነ፥ አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ ብዙ ስስ ልብስ ደራርቦ መልበስ ይሻላል፤ በመካከሉ የሚቀረው አየር ሙቀት ይይዛልና። ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያሳልፍ ካፖርት ይደረብ፤ ይህ ባይገኝ ከካፖርቱ ሥር በደረት ላይ የታጠፈ ጋዜጣ ማድረግ ይረዳል። የበግ ጠጉር ቢረጥብም እንኳ ከጥጥ ይልቅ ስለሚያሞቅ፥ መንዝን በመሰለው የበግ አገር ያለ ሠራተኛ በቀዬው የሚሠራውን የጠጉር ልብስ አይናቅ። ጋቢና ነጠላ ግን ለተቀመጠ ሰው መልካም ልብስ ቢሆኑም ለነጂ አይሆኑም፤ ጫፋቸው በኋላው ጎማ ወይም በሰንሰለቱ ተጠምጥሞ ሰውን አንቆ ሊጥል ይችላል። ጓንት እጅን የሚያሞቅ ሆኖ ጣትን የማያስር ይሁን። የራስ ቁርም መስተዋቱ በትንፋሽ እንዳይጋረድ ጥቂት ከፈት ይደረግ።

ስለ መኪናው ደግሞ፥ ጎማ በብርድ ጊዜ መሬትን መያዙ ይቀንሳል፤ አየሩ በ6 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቍጥር የጎማው ግፊት በ1 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ግፊቱ ጧት ሳይነዳ ይለካ። የሞተር ዘይት ይወፍራል፥ የባትሪም ኀይል ይደክማልና፥ ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ሳይሞቅ አይነዳ። ሞተሩን በተዘጋ ቤት ውስጥ ማሞቅ ግን ክልክል ነው፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዝ ሰውን ሳይሰማው ይገድላል። ከሰል አንድዶ በተዘጋ ቤት የሚሞቅም ሰው የሚያገኘው ይህንኑ መርዝ ነው።

ውርጭ የሚተኛበትን ቦታ ነጂው ከገበሬው ይጠይቅ። ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ከኮረብታው ጎን ያለው ባቄላ ሲተርፍ ከወንዙ ዳር ያለው የሚጠቁረው ስለዚህ ነው። ባቄላው በሚጠቁርበት ረባዳ የሚያልፈው መንገድ፥ በእንጨት የተሠራው ድልድይና ፀሐይ ዘግይታ የምታገኘው የገደል ጥላ እነዚህ ሁሉ የሚያንሸራትቱ ናቸውና፥ ከመድረስ አስቀድሞ ፍጥነት ቀንሶ፥ በላያቸው ሲያልፉ በድንገት ሳይዙና ሳይጥመዘመዙ ማለፍ ይገባል።

ከፍታም ሳይቈጠር አይቀር። 1,000 ሜትር በወጡ ቍጥር የአየሩ ሙቀት በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ወደ ሆነው ወደ ጣርማ በር የሚወጣ ሰው በአንድ ጉዞ ከ10 ዲግሪ የሚበልጥ ልዩነት ያገኘዋል፤ ብዙ ጊዜም ጉም ይጠብቀዋል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደውም መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በሳነቴ አምባ ላይ ያልፋል። ስለዚህ የደጋውን ልብስ ከቆላው ይዞ መነሣት ግድ ነው። ቍልቍለቱንም በፍሬን ብቻ ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይገባል።

በመንገድ ላይ ብርድ የጠናበት ሰው ይቁም፤ እጁን በብብቱ ሥር ያሙቅ፤ ጥቂትም ይራመድ። የደነዘዘ ጣት ማቃጠሉን ስለማያውቅ በእሳት ወይም በሞተሩ የጭስ ቱቦ ላይ አያሙቀው። ሙቅ ሻይ ይጠጣ፤ አረቄ ግን አይቅመስ። አረቄ ደምን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣ ሙቀት የሰጠ ይመስላል እንጂ የውስጡን ሙቀት ለነፋስ አሳልፎ ይሰጣል፤ የሰከረም ሰው መንዳት እንደማይገባው ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ነጂው ሊጠብቀው የሚችለው አለቃው ጊዜ የሰጠው እንደሆነ ነው። ስለዚህ በደጋ አገር ያላችሁ የወረዳና የዞን ሹማምንት በውርጭ ወራት እነዚህን ሦስት ነገሮች ታደርጉ ዘንድ ይገባል። ከሩቅ የሚመጡ ሠራተኞች የሚጠሩበት ስብሰባ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አይሁን፤ ሠራተኛውም ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ይነሣ። ሞተር ብስክሌት ለሠራተኛ በሚሰጥበት ጊዜ የራስ ቁርና ጓንት አብሮ ይሰጥ እንጂ «በኋላ ይመጣል» አይባል። ስለ ብርድ ቆሞ የዘገየ ሠራተኛ ስለ መዘግየቱ አይወቀስ፤ የሚወቀስ ከሆነ ሌላ ጊዜ አይቆምምና።

ውርጩን ማዘዝ የሚችል ሹም የለም፤ ሰዓቱን የሚያዝ ግን እርሱ ነው። እኔም ከዚያች ኅዳር ወዲህ የስብሰባ ደብዳቤ በምጽፍበት ጊዜ አስቀድሜ የምጠይቀው ከሁሉ የሚርቀው ሠራተኛ ከቤቱ በስንት ሰዓት ሊነሣ እንደሆነ ነው።